ከዳር የሚቀዳ ዘፈን፦ ከውጭ የተመለሰ ድምፃዊ ድምፁም ገንዘቡም የት ላይ ይፈስበታል?

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ መፍረስ ስትጀምር ከመኖሪያ ቤቶቹ ጋር የአዝማሪ ቤቶቿም አብረው ሄዱ፤ ፈንዲቃ ከነዚያ አንዱ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በጥር 2007 የጣይቱ ሆቴል ቃጠሎ ጃዛምባን በልቶታል። መሃል ከተማው ለሙዚቃ በጠበበ ቁጥር ሥራው ወደ ዳር ይገፋል። የካ አባዶ፣ አያት፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ጀሞ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ላይ ኪራዩ ይቀላል፣ አንድ ትርፍ ክፍልም ይገኛል፤ ዘፈን የሚጻፍበትና የሚቀዳበት መኝታ ቤት እየበዛ ያለውም እዚያ ነው።

ከእነዚህ ክፍሎች የተወሰኑትን የያዙት ዓመታትን በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ፣ በለንደን፣ በበርሊን ወይም በናይሮቢ አሳልፈው የተመለሱ፣ ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው የሚሠሩ፣ አሳታሚ የሌላቸው ድምፃውያን ናቸው። ስለነሱ ሲወራ ክርክሩ ሁሌ አንድ ነው፦ “ይህ ዘፈን የኛ ነው ወይስ የፈረንጅ?” ክርክሩ አሮጌ ነው፤ ጥቅሙም ትንሽ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ተምሮ በ1966 እ.ኤ.አ ኒውዮርክ ላይ ሲቀዳ፣ አስቴር አወቀ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ መጀመሪያ ጀምሮ ዋሽንግተን ላይ ስትዘፍን፣ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ እዚያው ዋሽንግተን አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘር ጋር ሲያጋባ ጥያቄው ተነስቶ ነበር፤ ጊዜ መለሰው። ከባዱ ነገር ሌላ ነው። እነዚያ ሰዎች ከጎናቸው ባንድ፣ ክበብ፣ ካሴት የሚያባዛ ሙዚቃ ቤት ወይም የውጭ አሳታሚ ነበራቸው። የዛሬው ተመላሽ ሁሉንም ብቻውን ይይዛል። ሥራው የሚበላሽበትም ዘፈኑ ውስጥ አይደለም፤ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ነው፦ ክፍሉ ከማይኩ፣ ቅኝቱ ከኮርዱ፣ ስሙ ከመብቱ፣ ዶላሩ ከብሩ የሚገናኙበት ቦታ።

ክፍሉ

ከዳር የሚቀዳ ሰው የመጀመሪያ ጠላቱ ጣሪያው ነው። የኮንዶሚኒየም የመጨረሻ ፎቅ ኪራዩ ቀነስ ይላል፤ ግን በላዩ ያለው ቆርቆሮ ስለሆነ ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላውን ዝናብ ይወስደዋል። ምድር ቤት ደግሞ የሱቅና የልጆች ጫጫታ አለው። የሚመረጠው መካከለኛው ፎቅ ላይ ያለ፣ መስኮቱ ከመንገድና ከወፍጮ ቤት የዞረ ክፍል ነው። ቤቱን ለመከራየት የሚሄድ ሰው ቀን ብቻ አይቶ መወሰን የለበትም። ሌሊት አንድ ጊዜ፣ እሑድ ማለዳ አንድ ጊዜ ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ አስር አስር ደቂቃ ቢቀዳ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ፣ የመስጊዱ አዛን፣ የጄኔሬተሩና የውሻው ሰዓት ቁልጭ ብሎ ይወጣለታል።

አብዛኛው የዳር ሰፈር ለድምፅ ቀረጻ የሚሰጠው ንጹህ ጊዜ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ነው። የንግሥ በዓል ዋዜማ ከሆነ ማህሌቱ ሌሊቱን ይይዘዋል፤ የቀረጻ ፕሮግራም የሚያወጣ ሰው አቅራቢያው ያለው ደብር የማን ታቦት እንዳለበት ማወቅ አለበት። ሱሉልታና እንጦጦ ግርጌ ላሉት ጅብም በዝርዝሩ ይግባ።

ለዚህ ሁሉ ጫጫታ ከውጭ የሚመጣው የተለመደ መልስ ውድ ኮንደንሰር ማይክ ነው፤ ስህተት ነው። ኮንደንሰር በተዘጋጀ ክፍል ውስጥ ይከበራል፤ በብሎኬት ክፍል ውስጥ ግን የጎረቤትን የቡና ሙቀጫ ከድምፃዊው ትንፋሽ እኩል አድርጎ ይይዛል። ከአፍ 10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ የቆመ ዳይናሚክ ማይክ (የሩቁን ድምፅ ብዙም የማይይዝ፣ መድረክ ላይ የሚታየው ዓይነት) ለነዚህ ቤቶች ይሻላል። ሹር ኤስኤም58 ይበቃል። ኤስኤም7ቢ የሚመርጥ ሰው ማይኩ 60 ዴሲቤል ገደማ ማጉላት እንደሚፈልግ ይወቅ፤ ርካሽ ሳውንድ ካርድ ያንን ያህል ሲጎተት ሽሽታ ያወጣል፣ መሃል ላይ ተጨማሪ ማጉያ ያስፈልጋል። እነዚህ ማይኮች ከጀርባቸው የሚመጣውን ድምፅ ስለማይሰሙ ጀርባቸው ወደ መስኮቱ መዞር አለበት። ቀረጻው 24 ቢት ይሁን፤ ከፍተኛው ጩኸት ከ−10 ዴሲቤል እንዳያልፍ ተደርጎ ይስተካከል (ዜሮ የመጨረሻው ጣሪያ ነው)። 24 ቢት ላይ ዝቅ አድርጎ መቅዳት አይጎዳም፤ የተሰነጠቀ ጩኸት ግን አይጠገንም።

የክፍሉ ውስጥ ድምፅ ሌላ ጉዳይ ነው። አራት በሦስት ሜትር የሆነና ቁመቱ 2.7 ሜትር የሆነ ባዶ የብሎኬት ክፍል በ43፣ በ57 እና በ64 ኸርዝ ገደማ ያስተጋባል፤ እጥፎቻቸው 86፣ 114 እና 127 ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የወንድ ድምፅ ዝቅ ብሎ ከሚቆምበት ቦታ ላይ ያርፋሉ። ለዚህ ነው ብዙ የቤት ቅጂ “በርሜል ውስጥ የተዘፈነ” የሚመስለው። የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ለዚህ ምንም አያደርግም፤ በከተማችን ስንት ግድግዳ በከንቱ እንደለበሰው የሚገርም ነው። አንድ ቀጭን ብርድ ልብስ ደግሞ ላይኛውን ድምፅ ብቻ ይበላና ጉምጉምታውን ይተወዋል፤ ውጤቱ ከባዶው ክፍል የባሰ ነው፣ የታፈነም የሚያስተጋባም።

የሚሠራው ውፍረት ነው። 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ የስፖንጅ ፍራሽ ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ መካከለኛውንና ላይኛውን ድምፅ በደንብ ይመጥጣል፤ ከግድግዳው ሌላ 10 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ሲቆም ወደ ዝቅተኛው ድምፅ የበለጠ ይወርዳል። ያ ባዶ ክፍተት ነፃ ነው፤ የሚከፈልበት ስለሌለ ይሆናል ሰው የሚረሳው። ሁለተኛው ስህተት ፍራሹን ከማይኩ ጀርባ ማቆም ነው። ማይኩ የሚያየው ድምፃዊውንና ከድምፃዊው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ነው፤ ስለዚህ ፍራሹ ከዘፋኙ ጀርባ ይቁም። ለጉምጉምታው ደግሞ ማዕዘኖቹ ላይ የጥጥ ፍራሽ ተጠቅልሎ ይቆማል። ዘፋኙ ከክፍሉ መሃል ሸሽቶ ከርዝመቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ላይ ይቁም። ስፖንጅ እሳት ሲነካው በፍጥነት እንደሚቀጣጠል መዘንጋት አይገባም፤ መብራት ሲጠፋ ሻማ የሚበራበት ቤት ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም።

መብራቱን ካነሳን አይቀር፦ ከአሜሪካ ወይም ከካናዳ የመጣ ዕቃ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ተብሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ያለው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ጀርባው ላይ “100–240” የሚል ካለ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። ከሌለ ትራንስፎርመር ይገዛል፤ መጠኑም ከዕቃው ዋት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፤ ስለዚህ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ የድሮ ማጉያ እዚህ ከልክ በላይ ይሞቃል፣ በሞተር የሚዞር ቴፕም ፍጥነቱን ያጣል።

የመብራት መቆራረጥን በተመለከተ ሒሳቡ ቀላል ነው። ላፕቶፕ፣ ሳውንድ ካርድና ትናንሽ የማዳመጫ ስፒከሮች አንድ ላይ 100 ዋት ገደማ ይጠቀማሉ። ባለ አንድ 12 ቮልት 9 አምፒር ሰዓት ባትሪ ዩፒኤስ በወረቀት 108 ዋት ሰዓት አለው፤ በተግባር ግማሽ ሰዓት ቢሰጥ ነው። ያ ፋይል ለማስቀመጥ ይሆናል፣ ለመሥራት አይሆንም። ባለ 12.8 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር ያንኑ ጭነት ከ10 ሰዓት በላይ ይሸከማል። ኢንቨርተሩ ፒዩር ሳይን ዌቭ (ንጹህ ሞገድ የሚያወጣ) መሆን አለበት፤ ርካሹ ዓይነት ጊታር ላይና ክራር ማንሻ (ፒክአፕ) ላይ የማይጠፋ ግርግርታ ይለቃል።

ሳይቋረጥ የሚሰማ “ም…” የሚል ድምፅ ካለ ምርመራው አንድ ደቂቃ አይወስድም። የላፕቶፑ ቻርጀር ይነቀል። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ ኧርዙ ነው፤ በብዙ ቤቶች ሶኬቱ ላይ የኧርዝ ቀዳዳው አለ፣ ሽቦው ግን አልተዘረጋም። ኤሌክትሪሺያን እስኪመጣ ድረስ ሁሉም ዕቃ ከአንድ ዲቫይደር ይሰካ፣ በባትሪም ይቀዳ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ሳንባ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተማ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከለንደን ወይም ከዱባይ የመጣ ድምፃዊ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰው የነበረው ስንኝ መሃል ላይ ይቆረጥበታል። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ሳምንታት ለልምምድና ለመሣሪያ ቀረጻ ማዋል፣ ዋናውን ድምፅ ማዘግየት ነው መፍትሔው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ አየርም የጊታር እንጨት ይሰነጥቃል። ሳጥኑ ውስጥ የተበሳ የሳሙና ዕቃ ከነእርጥብ ስፖንጁ ማስቀመጥ እርጥበቱን 45 እና 55 በመቶ መሃል ለማቆየት ይረዳል።

ቅኝቱና ኮርዱ

ከውጭ የመጣ ደራሲ እጁ ላይ ብዙ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) አለ። ቅኝቶቻችን ግን አምስት አምስት ድምፅ ብቻ ስላላቸው ከውስጣቸው የሚወጣው ኮርድ ጥቂት ነው። ሁሉንም ከዶ እንጀምር።

ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ በውስጡ ሙሉ ሆነው የሚገኙት ባለ ሦስት ድምፅ ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ዶ ሜጀርና ላ ማይነር። ትዝታ ማይነር፣ ማለትም ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ ማይነርንና ላ ፍላት ሜጀርን ይሰጣል። ባቲ ሜጀር (ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ) ዶ ሜጀርንና ሚ ማይነርን፤ አምባሰል (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት) ሬ ፍላት ሜጀርንና ፋ ማይነርን። አንቺ ሆዬ ለኔ ደግሞ ከሁሉም የሚገርመው ነው። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ውስጥ ፋ ሜጀርና ሶል ፍላት ማይነር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ በግማሽ ድምፅ ተለያይተው። ጊታር ላይ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ የተያዘ ፋ ሜጀር ባሬ (ክሮቹ ሁሉ በአንድ ጣት ተጭነው) ወደ ሁለተኛው ፍሬት ማይነር ሲንሸራተት ማለት ነው። የቅኝቱ መቆርቆርና አለመርጋት ሁሉ እዚያች ግማሽ ድምፅ ውስጥ አለ።

ጥፋቱ የሚመጣው ደራሲው ትዝታ ሲዘፍን መጨረሻው ላይ ከልማድ ሶል ሰባተኛን፣ ማለትም ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋን ሲያስገባ ነው። ሲ እና ፋ በትዝታ ሜጀር ውስጥ የሉም። ጆሮ ወዲያው ዘፈኑን ወደ መዝሙር ወይም ወደ ካንትሪ ይወስደዋል፤ “የፈረንጅ ሆነ” የሚለው አድማጭ የሰማው ይህንን ነው፣ ቃሉ ባይኖረውም። ከውጭ ድምፅ መዋስ ክልክል ነው ለማለት አይደለም፤ ሙላቱ ያደረገው ይኸው ነው፣ የአምስቱን ድምፅ ዜማ አሥራ ሁለቱን ድምፅ ከሚጠቀም ስምምነትና ከላቲን ምት ጋር አጋባ። ልዩነቱ ዜማው ላይ ነው፦ ዜማው በአምስቱ ድምፅ ላይ ከጸና የውጭው ኮርድ ቀለም ይሆናል፤ ዜማው ራሱ ኮርዱን ተከትሎ ከተሳበ ቅኝቱ ይፈርሳል። በጣም አስተማማኙ መንገድ ዶና ሶልን ብቻ እንደ በገና አጥብቆ ይዞ ከሥር ቤዙን ማንቀሳቀስ ነው።

የድምፅ ማስተካከያ ሶፍትዌርም በዚሁ ይወድቃል። ፕሮግራሙ አሥራ ሁለቱንም ድምፅ ፈቅዶ ከተተወ የድምፃዊውን ማወዛወዝ በየግማሽ ድምፁ እየሰባበረ ደረጃ ደረጃ ያደርገዋል። አምስቱን ብቻ ከተፈቀደ ደግሞ ከሚ ወደ ሶል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ተንሸራታቹ ድምፅ ዘሎ ይጣበቃል። የተበላሸችዋን አንዲት ድምፅ በእጅ ማረም፣ ሌላውን መተው ይሻላል። ክራር ወይም ማሲንቆ የሚጨምር ሰውም ከቀረጻው በፊት ይወስን፦ ክራሩ ወደ 440 (ላ ድምፅ በ440 ኸርዝ የሚቆምበት የተለመደው መለኪያ) ይቃኝ ወይስ ኮምፒውተሩ ወደ ክራሩ? የኋለኛው ይመረጣል። ሶፍትዌሩ ላይ ጠቅላላ ቅኝቱን ጥቂት ኸርዝ ዝቅ ወይም ከፍ ማድረግ አንድ ቁልፍ ነው፤ የክራር ደርዳሪን ጆሮ ማስለወጥ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ምቱ ላይ ብዙ አንቆይም። ችክችካ በስድስት ስምንተኛ ይቆጠራል፤ ላፕቶፑ ሲከፈት ግን አራት አራተኛ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ምቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ሶፍትዌሩ የምት መስመር መጎተት ሞገሱን ይገድለዋል፤ ግማሽ ያህል ጎትቶ መተው ይበቃል።

ግጥም ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ለዓመታት በእንግሊዝኛ የጻፈ ሰው ወደ አማርኛ ሲመለስ ግሡ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ስለሚያርፍ ቤት መምታት ቀላል ይመስለዋል፤ “ሄድሽብኝ፣ ራቅሽብኝ፣ ከፋሽብኝ” እያለ አንድ ገጽ ይሞላል። የአገር ጆሮ ይህንን ቤት ሳይሆን ድግግሞሽ ብሎ ነው የሚሰማው። የወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት ቀለም ይዞ ይሄዳል፤ ስንኙ መሃሉ ላይ ትንፋሽ አለው። በውጭ አገር ዘፈን ልክ የተሰፋ ረጅም ሐረግ ላይ ይህንን ለመጫን ሲሞከር ትንፋሹ ቃል መሃል ይወድቃል። ዜማው ከተሠራ በኋላ ግጥም ከመፈለግ ይልቅ አንድ ስንኝ እየተናገሩ ምቱን ከንግግሩ ማውጣት ጊዜ ይቆጥባል።

ሦስት ስም፣ ሁለት መብት

ገንዘብ የሚፈስበት ትልቁ ቀዳዳ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፣ ወረቀት ላይ። እኛ ዘንድ ዘፈን ሲታተም ሦስት ሙያ ይጻፋል፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። የውጭው ሥርዓት የሚያውቀው ሁለት መብት ነው፦ አንዱ የድርሰቱ (ግጥሙና ዜማው)፣ ሁለተኛው የቅጂው (የተቀዳው ድምፅ)። አቀናባሪው ከሁለቱ የትኛው ውስጥ ነው? ማንም አስቀድሞ አይጠይቅም፤ ዘፈኑ ሲሳካ ነው ጥያቄው የሚነሳው፣ ያኔም በጠብ።

አማራጩ ሦስት ነው። አቀናባሪው ክፍያውን አንዴ ወስዶ ይጨርሳል፤ ወይም ከቅጂው ገቢ መቶኛ ይወስዳል፤ ወይም የመግቢያ ዜማውንና አዝማቹን የፈጠረው እሱ ከሆነ ከድርሰቱም ይካፈላል። የትኛውም ያስኬዳል፤ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ፣ ድምሩ መቶ ሆኖ፣ ተፈርሞ ከሆነ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኢኮኖሚ መብት ሲተላለፍ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ አዋጁ በ872/2007 ተሻሽሏል። መብቱ የሚገኘው ሥራው ሲፈጠር ነው፤ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ግዴታ ባይሆንም ክርክር ሲመጣ ማስረጃ ይሆናል። የደራሲው መብት በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ የድሮ ዘፈን በአዲስ ቅንብር ለመሥራት የሚፈልግ ተመላሽ፣ ብዙዎቹም በዚያ ይጀምራሉ፣ የግጥሙንም የዜማውንም ባለቤት ወይም ወራሾቻቸውን ማስፈቀድ አለበት። የዘፋኙ ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ ዘፋኙ ብዙ ጊዜ የሁለቱም ባለቤት አይደለም።

የቅጂው ባለቤት በሕጉ ቀረጻውን አስቦ ያስጀመረና ኃላፊነቱን የወሰደ ሰው ነው። ድምፃዊው ራሱ ከፍሎ ካስቀዳ ያ ሰው እሱ ነው፤ ግን ፋይሉ ሌላ ሰው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ከቀረ ወረቀቱ ብቻውን ምን ይሠራል? ከአቀናባሪ ጋር በሚደረግ ስምምነት ውስጥ የርክክቡ ዝርዝር ይግባ፦ የተጠናቀቀው ሥራ፣ ድምፅ የሌለበት መሣሪያ ብቻ፣ ድምፅ ብቻ፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ትራክ ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ የወጣ የ24 ቢት ዋቭ ፋይል። 30 ትራክ ያለው የአምስት ደቂቃ ዘፈን በ48 ኪሎ ኸርዝ ሲወጣ 1.3 ጊጋ ባይት ገደማ ነው፤ በ5 ሜጋ ቢት ኔትወርክ ውጭ ላለ ሚክስ አድራጊ ለመላክ ከ35 ደቂቃ ያላነሰ ይፈጃል። ፍላክ ሆኖ ሲታመቅ ጥራቱ ሳይነካ መጠኑ በጣም ይቀንሳል። ኤምፒ3 ብቻ ተቀብሎ የሄደ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ፊልም ሠሪ ያለ ድምፅ ስሪቱን ሲጠይቀው የሚሰጠው አይኖረውም።

ከመውጣቱ በፊትና ከወጣ በኋላ

ማስተሪንግ (የመጨረሻው የድምፅ ማጠናቀቂያ) ላይ ጩኸት መፎካከር ጊዜው አልፎበታል። ስፖቲፋይና ዩቲዩብ ድምፁን ወደ −14 ሉፍስ (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ያስተካክሉታል፤ ከዚያ በላይ የተጨመቀ ዘፈን ዝቅ ይደረጋል እንጂ አይጎላም። ከፍተኛው ጫፍ −1 ዴሲቤል ላይ ይቁም።

አከፋፋይ፣ ማለትም ዘፈኑን ወደ ስፖቲፋይና መሰሎቹ የሚያስገባው ድርጅት፣ ሲመረጥ የዓመት ክፍያ የሚጠይቅና አንዴ ብቻ የሚያስከፍል እንዳለ ይታወቅ። የዓመቱ ዓይነት ክፍያው ሲቋረጥ ዘፈኑን ሊያወርደው ይችላል፤ ካርዱ የውጭ ባንክ ካርድ ከሆነና ባለቤቱ ተመልሶ አዲስ አበባ ከኖረ ካርዱ ጊዜው ባለፈበት ቀን ዘፈኑም ይጠፋል። ሲዲ ቤቢን የመሰለው ለእያንዳንዱ ሥራ አንዴ አስከፍሎ ከገቢው 9 በመቶ ይይዛል። የላቲን ፊደል ስም አንዴ ይወሰንና አይነካ። ፀሐይ የሚባል ሰው ስሙን በሁለት ዓይነት ከጻፈ ሁለት የተለያየ የአርቲስት ገጽ ይከፈትለታል፣ አድማጩም ይከፈላል። እያንዳንዱ ቅጂ 12 ፊደልና ቁጥር ያለው የአይኤስአርሲ መለያ ይሰጠዋል፤ አከፋፋይ ሲቀየር ያው መለያ ካልተያዘ የአድማጩ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል። ሽፋኑ 3000 በ3000 ፒክስል ይሁን። ለስፖቲፋይ አዘጋጆች የሚቀርበው ጥያቄ ዘፈኑ ከመውጣቱ ቢያንስ 7 ቀን በፊት መግባት አለበት፤ ሦስት አራት ሳምንት አስቀድሞ መጫን ይሻላል።

አከፋፋዩ የሚልከው የቅጂውን ገንዘብ ብቻ ነው። የድርሰቱ ገንዘብ ሌላ ቦታ ይጠራቀማል። በአሜሪካ ከስትሪሚንግ የሚመጣውን የደራሲ የማባዣ ክፍያ (ሜካኒካል) ከ2021 እ.ኤ.አ ጀምሮ የሚሰበስበው ኤምኤልሲ ነው፤ አባልነቱ በነፃ ነው። የዲጂታል ሬዲዮውን ሳውንድኤክስቼንጅ ይሰበስባል፦ 50 በመቶ ለቅጂው ባለቤት፣ 45 በመቶ ለዋናው ድምፃዊ፣ 5 በመቶ ለአጃቢዎች። ራሱን ችሎ የሚሠራ ድምፃዊ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱንም ይወስዳል፤ ካልተመዘገበ አንዱንም አያገኝም። ውጭ እያለ የደራሲያንን ገንዘብ የሚሰበስቡት የአስካፕ፣ የቢኤምአይ፣ የፒአርኤስ ወይም የጌማ አባል የነበረ ሰው አባልነቱ ከእሱ ጋር ይኖራል፤ ሁለተኛ ቦታ መመዝገብ ገንዘቡን ያጣላል፣ አድራሻውን መቀየር ይበቃል።

አንድ ማዳመጥ ስንት ያወጣል የሚለው ጥያቄ ቋሚ መልስ የለውም። በየአገሩ ከአባላትና ከማስታወቂያ የተሰበሰበው ገንዘብ በማዳመጥ ድርሻ ይከፋፈላል፤ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ እየከፈለ የሚሰማ አድማጭና አያት ላይ በነፃ የሚሰማው እኩል አያስገቡም። የተመላሹ ትልቅ ሀብት ይህ ነው፤ ትቶት የመጣው ከተማ። ከ2024 እ.ኤ.አ ጀምሮ ደግሞ በስፖቲፋይ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ማዳመጥ ያልሞላ ዘፈን የቅጂ ክፍያ አያገኝም። አሥር ዘፈን በአንድ ቀን ከማውጣት ሦስቱን እየለያዩ ማውጣት የሚያዋጣው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ግብሩ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር ተደራራቢ ግብር የሚያስቀር ስምምነት የላትም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ዜጋ ሆኖ እዚህ የሚኖር ድምፃዊ ከአሜሪካ አድማጭ ከሚያገኘው ላይ 30 በመቶ ተቀንሶ ይደርሰዋል። ደብሊው-8ቤን የሚባለውን የአሜሪካ የግብር ቅጽ ካልሞላ ዩቲዩብ ከመላው ዓለም ገቢው እስከ 24 በመቶ ሊቆርጥ ይችላል፤ ቅጹ ሲሞላ ቅነሳው በአሜሪካው ድርሻ ብቻ ይወሰናል። ለምሳሌ ከ1,000 ዶላር ውስጥ 600ው ከአሜሪካ ቢመጣ 180 ይቀነሳል። አሜሪካዊ ዜግነት ይዞ የተመለሰ ሰው ሌላ ቅጽ፣ ደብሊው-9ን ነው የሚሞላው፤ 30 በመቶው አይነካውም፣ ግን ለአሜሪካ ዓመታዊ ግብር ማሳወቁ ይቀጥላል። እዚህ አገር ደግሞ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሰው ቢጫ ካርድ የሚለው፣ በአዋጅ 270/1994 መሠረት ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠራ ያስችለዋል። የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ሲወጣ ሮያሊቲን ከጠቅላላው ገቢ 5 በመቶ አድርጎት ነበር፤ አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ ሒሳቡ ከመሠራቱ በፊት ያለበት መጠን ከባለሙያ ጋር ይታይ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ተሻግሯል። ከውጭ የሚገባው ሮያሊቲ በብር አደገ፤ የጊታር ክሩም፣ የሶፍትዌር ክፍያውም፣ የአከፋፋዩ ዓመታዊ ሒሳብም አብሮ አደገ። በዶላር የሚገባውን ለዶላር ወጪ መተው የሚቻልበትን ሂሳብ ከባንኩ ጋር አስቀድሞ መነጋገር አለበት።

የአገር ውስጥ ገቢውን መናቅ አይገባም። የጥሪ ማሳመሪያ አሁንም ከስልክ ካርድ በቀጥታ የሚቆረጥ ገንዘብ ነው፤ ሰዋሰውን የመሳሰሉ የሙዚቃ መተግበሪያዎችም አሉ። አደጋው ውሉ ላይ ነው። “ለሁሉም ዲጂታል መንገድ፣ በብቸኝነት” የሚል ውል ከአገር ውስጥ ድርጅት ጋር የፈረመ ሰው ያንኑ ዘፈን በውጭ አከፋፋይ ሲጭን ሁለቱ ዩቲዩብ ላይ ባለቤትነት ይጣሉበታል፤ ጠቡ እስኪፈታ ገቢው ታስሮ ይቆያል። ውሉ ላይ መጻፍ ያለበት የትኛው መንገድ (የጥሪ ማሳመሪያ ብቻ)፣ የት (ኢትዮጵያ ውስጥ)፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ ነው። በነፃ የወረደ የበገና ወይም የዋሽንት ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሄድ ቁራጭ ቅጂ) የተጠቀመም ያው ጠብ ይገጥመዋል፤ ያንን ሉፕ ሌላ ሰው አስቀድሞ አስመዝግቦት ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ሪፖርት ዘፈኑ ከወጣ ከሁለት እስከ ሦስት ወር በኋላ ይመጣል። ሲከፈት ከድምሩ በፊት የሚታየው የአገር ዓምዱ ነው። ከተሞቹ የሚታዩበት የአርቲስት ገጹ አጠገቡ ይከፈት፤ ሚኒያፖሊስና ስቶክሆልም ከአዲስ አበባ በላይ ካሉ የሚቀጥለው ጉዞ ቲኬት የሚቆረጠው ወደነዚያ ነው። አዲስ አበባ ከላይ ከሆነች ደግሞ የሚቀጥለው ሥራ ውል በጥሪ ማሳመሪያው ይጀመር።